መልህቁ ለምን ተንሸራተተ? በባሃማስ ደሴቶች መካከል ጀልባ ላይ ለሚኖሩ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የብርዱን ወራት ባሃማስ ላይ በሸራ ጀልባ ለማሳለፍ ካሰቡ ወይም ከጀመሩ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ሰዓቱን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ማይል ያልነው ሁሉ የባሕር ማይል ነው (1,852 ሜትር)፤ ኖት ማለት ደግሞ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ስንወጣ ጀልባ ላይ ለመኖር አስበናል። ያየናት ባለ 12 ሜትር ጀልባ ዋጋዋም ይዞታዋም ደህና ነው፤ ችግሩ ከውሃ በታች 2.1 ሜትር ትጠልቃለች። ለባሃማስ ትሆናለች? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ መሄዱን ትሄዳለች፤ እንድትኖሩባት ግን አንመክርም። በኤግዙማ ደሴቶች ምዕራባዊ ዳርቻ መልህቅ ከሚጣልባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ውሃው ሲጎድል 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ ናቸው። ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 1.5 ሜትር የምትጠልቅ ጀልባ የፈለጋችሁበት ልትገባ ትችላለች ማለት ይቻላል፤ 1.8 የምትጠልቀው ሙላት እየጠበቀች ትገባለች። 2.1 ሲሆን የሚቀርባችሁ ውብ ቦታ ማየት ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ቀዝቃዛ አየር ከአሜሪካ ወርዶ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ሲዞር መሸሸጊያ የሚሆኑት ጥቂት ቦታዎች መግቢያቸው ጥልቀት የለውም። የጀልባዋ ጥልቀት የሚያስጨንቀው በዚያች ሌሊት ነው፤ ሁሉም ገብቶ እናንተ ውጭ ስትቀሩ።

ደላላው የሚሰጣችሁ ቁጥር ደግሞ የባዶ ጀልባ ነው። ውሃ፣ ነዳጅ፣ ሰንሰለትና የስድስት ወር ቀለብ ሲጫንባት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትወርዳለች። ከመግዛታችሁ በፊት የጥልቀት መለኪያው የሚያሳየው ከውሃው ወለል ጀምሮ ይሁን ከኪሉ (ከጀልባዋ ሆድ ስር ከወረደው ክንፍ) በታች ያለውን ብቻ፣ ገመድ ላይ ክብደት አስራችሁ በመለካት አረጋግጡ።

ባለ ሁለት ቀፎዋ ካታማራን 1.2 ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትጠልቅ ለዚህ ውሃ የተፈጠረች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጭነት ግን አትችልም። ቦታ ስላላት ሰው ይሞላታል፤ ስትከብድ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለው ወለል ወደ ውሃው ይቀርብና ማዕበሉ ከስር ይደበድበዋል። ሌላው የምሰሶው ቁመት ነው፦ በምሥራቅ አሜሪካ የውስጥ ቦይ ላይ ያሉት የማይከፈቱ ድልድዮች በመደበኛው 19.8 ሜትር ያሳልፋሉ፤ ማያሚ ላይ ያለው የጁሊያ ተትል ድልድይ ግን 17 ሜትር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከማያሚ ወደ ቢሚኒ ለመሻገር ምን ዓይነት ቀን እንምረጥ? ጂፒኤሱና አውቶፓይለቱ መስመሩን ስለሚጠብቁ ለገልፍ ስትሪም የተለየ ሂሳብ ያስፈልጋል? (ከኦርላንዶ)

መልስ፦ ያስፈልጋል። ርቀቱ 45 ማይል ገደማ ነው። ገልፍ ስትሪም፣ ከዚህ በታች ሞገዱ የምንለው የባሕር ፍሰት፣ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ መሃሉ ላይ ከ3 ኖት ያልፋል፣ ለሙሉው መንገድ አማካዩን 2.5 ብላችሁ ያዙ። በ5.5 ኖት የምትሄድ ጀልባ ምንም ሳታስተካክል ወደ ምሥራቅ ብታቀና ከስምንት ሰዓት በኋላ ከቢሚኒ 20 ማይል ወደ ሰሜን ርቃ ትገኛለች። አፍንጫዋን ከመስመሩ 27 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዙራችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ብትይዙ ወደ ቢሚኒ የምትጠጋው በ4.9 ኖት ነው፤ ጉዞው ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። መሃል ላይ ወደ ሰሜን ትንሻፈፋለች፣ ዳር ላይ ትመለሳለች፤ አትደንግጡ። አውቶፓይለቱን መስመሩን እንዳይለቅ ካዘዛችሁት ግን ሞገዱ በበረታበት ስፍራ ሁሉ ፊት ለፊት እየታገለ ጊዜ ይጨርሳል። ከኪ ቢስኬን ወይም ከዚያም ወርዳችሁ ከኪ ላርጎ አካባቢ ብትነሱ ያው ሞገድ ይረዳችኋል።

ቀኑን የሚመርጥላችሁ ነፋሱ ነው። በስሙ ውስጥ “ሰሜን” ያለበት ነፋስ፣ ሰሜን ምሥራቅም ሆነ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞገዱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ 15 ኖት ብቻ ቢሆንም አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያቆማል። ከደቡብ ምሥራቅ ወይም ከደቡብ ከ10 እስከ 15 ኖት የሚነፍስበትን ቀን ጠብቁ። ሳምንት ቢያስጠብቃችሁም ጠብቁ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንግዳ የምትቀበሉበትን ቀን ቆርጣችሁ አትነሱ፤ በዚህ ባሕር ላይ ሰው ችግር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ቀጠሮ ስላለው ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብትነሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት አልፎ ትደርሳላችሁ። ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችሁ ስለምትሆን የመግቢያውን አሸዋ አታዩትም።

ስትደርሱ ቢጫውን ባንዲራ ስቀሉ፤ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ከካፒቴኑ በቀር ማንም ከጀልባዋ አይወርድም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከመነሳታችሁ በፊት የባሃማስን ቪዛ ጉዳይ ከቆንስላው አጣሩ። አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተወሰነ ሰዎች ደግሞ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዙ ወጥተው ቢመለሱ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ይቆጠራል። በጀልባ መውጣትም መውጣት ነው፤ መጀመሪያ ጠበቃችሁን አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ “ካርታው 3 ሜትር ይላል፣ ምን ያሳስብሃል?” ትለኛለች። እኔ ደግሞ ውሃው ጠቆር ሲል ልቤ ይመታል። ማንን እንመን፣ ካርታውን ወይስ ዓይናችንን? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ዓይናችሁን፤ ዓይን የሚያይበት ሰዓት ከሆነ። ካርታው ከተሠራ በኋላ አሸዋው በየማዕበሉ ቦታ ይቀይራል፤ ብቻቸውን የቆሙ የኮራል ጉብታዎችም ሁሉም ካርታ ላይ አልተመዘገቡም።

ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። አረንጓዴ የቀላቀለው ሰማያዊ ከ3 እስከ 6 ሜትር አሸዋ ነው፤ እየገረጣ ሲሄድ እየቀነሰ ነው፣ ነጭ ሲሆን ልትረግጡት ትችላላችሁ። የሚያስቸግረው ጠቆር ያለው ነው፤ ሣር ወይም ኮራል ሊሆን ይችላልና። የባሕር ሣር ጠርዙ የተበታተነ ነው፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ አረንጓዴ ያደላል። የኮራል ጉብታ ቡናማ ነው፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ዓሦችና የባሕር ጃርቶች ዙሪያውን ሣሩን ስለሚግጡት በነጭ አሸዋ ቀለበት ይከበባል። ያንን ቀለበት ካያችሁ በሩቁ ዙሩት። የደመና ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ብታዩት ይለያል። ባንኩ (በደሴቶቹ ዙሪያ ያለው ጥልቀት የሌለው ሰፊ ባሕር) ላይ አንዳንዴ የሚታየው ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ደግሞ ዓሦች ከታች ጭቃውን እየቆፈሩ የሚያስነሱት ነው ይባላል፤ ጥልቀቱ እንዳለ ነው፣ ግን መለኪያውን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፀሐይዋ ከፍ ብላ ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ ስትሆን ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ኮራል ወዳለበት አትሂዱ። ነፋስ ጨርሶ ሳይኖር ውሃው እንደ መስታወት ሲሆንም ሰማዩን ብቻ ነው የምታዩት፤ ትንሽ ሽብሽብ ሲል ይሻላል። አንዳችሁ ፖላራይዝድ መነጽር አድርጋችሁ አፍንጫው ላይ ቁሙ፣ ፍጥነቱ ከ3 ኖት አይለፍ፣ ምልክታችሁም በእጅ ይሁን። በሞተር ድምፅ ውስጥ መጯጯህ ሁለታችሁንም ከማስቆጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ 20 ኪሎ የሚመዝን አዲስ መልህቅ አለን፤ ጀልባችን 12 ሜትር ናት። 3 ሜትር ውሃ ላይ 15 ሜትር ሰንሰለት ለቅቀን ተኛን። አምስት እጥፍ ማለት ነው። ሌሊት 25 ኖት ሲነፍስ ተንሸራተትን። መልህቁ ነው ጥፋተኛው? (ከታምፓ)

መልስ፦ መልህቁ ለጀልባችሁ በቂ ነው። ሂሳቡን እንደገና እንሥራው። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከውሃው ወለል ሳይሆን ከአፍንጫው ላይ ነው፤ እሱ 1.2 ሜትር ይሆናል። የጣላችሁት በጉድለት ሰዓት ከነበረ ሌሊት 90 ሳንቲ ሜትር ተጨምሯል። ስለዚህ ቁመቱ 3 ሲደመር 1.2 ሲደመር 0.9፣ 5.1 ሜትር ነው። 15 ሜትር ሰንሰለት ለዚህ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ለምሳ ለመቆም አምስት እጥፍ፣ 25 ሜትር፤ ለማደር ሰባት እጥፍ፣ 36 ሜትር ያስፈልጋችሁ ነበር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ይህ ስሕተት የሚደጋገመው የአፍንጫው ከፍታና ሙላቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሁለት ሦስተኛ ስለሚያልፉ ነው፤ 15 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን ልዩነቱን አታስተውሉትም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ መልህቁ ምን ላይ ነበር የሚለው ነው። ባሃማስ ላይ አሸዋው ብዙ ቦታ የኖራ ድንጋይ ላይ የተነሰነሰ ስስ ሽፋን ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር የማይሞላም አለ። መልህቁ በጎኑ ተኝቶ ጫፉ ድንጋዩን ይቧጭራል፤ በቀላል ነፋስ የያዘ ይመስላል፣ ሲበረታ ይሄዳል። ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ ጫፉ የሣር ሥር ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ከተነቀለ ያ ቋጠሮ አፉ ላይ ስላለ ተመልሶ አይቀበርም። ኮራል ላይ በፍጹም አትጣሉ፤ የሚሰበረው ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሰንሰለታችሁም ተጠላልፎ ይቀራል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ገረጣ ያለ፣ ጥላ የሌለው አሸዋ ምረጡ። ጀልባዋ ጨርሳ ከቆመች በኋላ መልህቁን እስከ ታች አውርዱ፤ ወደ ኋላ መሄድ ስትጀምር እንዳይከመር ሰንሰለቱን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ሦስት እጥፍ ላይ ለአፍታ ያዙት፤ አፍንጫዋ ወደ መልህቁ ከዞረ ነክሷል ማለት ነው። የቀረውን ልቀቁ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ቀስ በቀስ እስከ 1,800 ዙር ድረስ አድርሳችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ በዚህ ጊዜ በጎን በኩል ባሕር ዳር ያሉ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ዛፍና ከኋላው ያለ ጣሪያ፣ አንዱ ከሌላው አንጻር እንዳይላወስ ተመልከቱ። በመጨረሻም መነጽር አድርጋችሁ ዋኙና እዩት። ውሃው ጥሩ ነው፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው፤ ላለማየት ምክንያት የላችሁም። የመልህቁ ምላስ ተቀብሮ ግንዱ ብቻ ከታየ ተኙ። ምላሱ ከታየ አንስታችሁ 30 ሜትር ፈቀቅ በሉ።

ሰንሰለት አይለጠጥም። ነፋሱ 30 ኖት ሲደርስ ይወጠርና እያንዳንዱ ማዕበል መልህቁን ይነቀንቀዋል። ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 8 ሜትር ገደማ የሆነ የናይለን ገመድ በሜንጦ ሰንሰለቱ ላይ አያይዙና ሸክሙን እሱ ይቀበል፤ ሰንሰለቱ ከኋላው ረገብ ብሎ ይንጠልጠል። ገመዱ አፍንጫው ላይ በሚታሸበት ቦታ የውሃ ጎማ አልብሱት፤ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

ከጥያቄያችሁ እንደምንገምተው ደግሞ ያን ሌሊት ነፋሱ ዞሯል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቀዝቃዛው አየር ሲመጣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ደቡብ ምሥራቅ የነበረው ወደ ደቡብ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዚያ በዝናብና በድንገተኛ ወጀብ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ይዞርና ሰሜን ደርሶ በሰሜን ምሥራቅ ይረጋጋል። ቀን ሙሉ ደሴቷ ከለላ የሆነችላችሁ ምዕራባዊ ዳርቻ ማታ ለባንኩ ማዕበል ሁሉ የተከፈተ ይሆናል፤ ደሴቷም ከጀርባችሁ ትሆናለች። ትንበያው ደቡብ ምዕራብ ማለት ሲጀምር፣ ቦታ ሳይሞላ፣ ከአንድ ቀን በፊት ተንቀሳቀሱ።

“ሁለት መልህቅ አልጥልም?” የሚሉንም አሉ። በሁለት ደሴቶች መካከል ሞገዱ በየስድስት ሰዓቱ በሚገለባበጥበት ጠባብ ቦታ አንዱን ወደ ሞገዱ መምጫ፣ ሌላውን ወደ መሄጃው መጣል ጥሩ ዘዴ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ግን ጎረቤቶቻችሁ በአንድ መልህቅ ሲዞሩ እናንተ ስለማትዞሩ ትጋጫላችሁ።

የስልኩን የመልህቅ ማንቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጥቡን መልህቁ በወረደበት ቅጽበት አስቀምጡ እንጂ ጀልባዋ ከተረጋጋች በኋላ አይሁን። ራዲየሱ የሰንሰለቱ ርዝመት፣ የጀልባዋ ርዝመትና 5 ሜትር ተደምሮ ነው።

ጥያቄ፦ አሸዋ ላይ ብንቀመጥ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምን እናድርግባቸው? (ከዳላስ)

መልስ፦ ሞተሩን ቶሎ ወደ ዜሮ መልሱ። ጋዝ እየሰጡ ወደፊት መግፋት ኪሉን ይበልጥ ይቀብረዋል፤ የተነሳው አሸዋም በማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ ይሳብና ማጣሪያውን ይደፍናል፣ የፓምፑን የላስቲክ ክንፎች ይበላል። ከተላቀቃችሁ በኋላም ማጣሪያውን ከፍታችሁ ጥረጉት።

ከዚያ የሙላት ሰንጠረዡን እዩ። ውሃው እየሞላ ከሆነ ችግር የለም። በዲንጊ (በትንሿ ጀልባ) ሁለተኛውን መልህቅ ወደ ጥልቁ ወስዳችሁ ጣሉና ገመዱን ወጥሩ፤ ሥራው እንድትላቀቁ ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ይበልጥ ወደ ዳር እንዳይገፋችሁም ነው። እየጎደለ ከሆነ ያላችሁ ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ወደ መጣችሁበት ዙሩ፤ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሂድ ወይም ሸራውን ወጥራችሁ ጀልባዋን አዘንብሏት። 1.8 ሜትር የምትጠልቅ ጀልባ 20 ዲግሪ ስታዘነብል 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታተርፋለች፤ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

ካልሆነ ቀጣዩ ሙላት ከቀድሞው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በኋላ ነው። ወደምትተኛበት ጎን ያሉትን የባሕር ቫልቮች (ውሃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች መዝጊያ) ዝጉ፣ የምድጃውን ጋዝ ከጠርሙሱ ቁረጡ፣ የነዳጅና የባትሪ መተንፈሻዎች ከውሃ በላይ መሆናቸውን እዩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍተኛ ሙላት አናት ላይ ጥልቀቱ አጠራጣሪ የሆነ ቦታ አትሞክሩ፤ ከተቀመጣችሁ የሚቀጥሉት ሙላቶች ያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለት ሳምንትም ልትቆዩ ትችላላችሁ። ምንጊዜም አጠራጣሪ ቦታ የሚሞከረው ውሃው መሙላት ከጀመረ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጾም የምንጾም ቤተሰብ ነን። ጀልባ ላይ እንጀራ መጋገር ይቻላል? የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 1,500 ዋት ነው። ባትሪው 400 አምፒር ሰዓት፣ የተለመደው የእርሳስ ዓይነት ነው፤ ሶላሩ 400 ዋት። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እንጀራው ይቻላል፤ በዚያ ምጣድ ግን አይሆንም። 1,500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ 125 አምፒር ይስባል፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) የሚያባክነው ሲታከልበት 140 ይደርሳል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ያላችሁ 200 አምፒር ሰዓት ነው። ፍሪጁ ብቻ በቀን 50 ገደማ ይበላል። በዚያ ላይ 140 አምፒር በአንድ ጊዜ ሲሳብ የባትሪው ቮልት ስለሚወድቅ ኢንቨርተሩ በሁለተኛው እንጀራ ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል። 400 ዋት ሶላር በብርዱ ወራት በጥሩ ቀን 110 አምፒር ሰዓት ቢሰጥ ነው፤ የምሰሶው ወይም የቡሙ (የሸራው ታች የሚታሰርበት አግድም ዘንግ) ጥላ ከወደቀበት ከዚያም ያንሳል። የሊቲየም ባትሪ ያላቸው በቀትር ሊጋግሩ ይችላሉ፤ የቀኑን ፀሐይ ሁሉ ግን ለእንጀራ ሰጡ ማለት ነው።

የሚሻለው ወፍራም ታች ያለው፣ 30 ሳንቲ ሜትር የማያጣብቅ መጥበሻ ከነክዳኑ በጋዝ ላይ መጠቀም ነው። ምድጃው እንዳይወዛወዝ ቆልፉት፤ ጀልባዋም በመልህቅ ላይ ትሁን። ጓዳው ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚሆን ሊጡ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሁለት ይጨርሳል፤ ሦስተኛውን ቀን ከጠበቃችሁ ይኮመጥጣል። ባልዲውን ከሲሶ በላይ አትሙሉ፣ ክዳኑንም አታጥብቁ፤ ኩፍ ሲል መውጫ ይፈልጋል። ለመንገድ ቀን ድርቆሽ የመሰለ የለም፤ ግን እቤት አድርቃችሁ በማይተነፍስ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ጀልባ ላይ ስታሰጡት የባሕሩ ጨው እርጥበት ይስብበታል።

የጾም ምግብ ለዚህ ኑሮ የሚመች ነው፤ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ፍሪጅ አይፈልጉም። ዱቄቱንና ጥራጥሬውን ከመጫናችሁ በፊት አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ የነቀዙን እንቁላል ይገድለዋል። የካርቶን ሣጥን ጀልባው ውስጥ አታስገቡ፤ የበረሮ እንቁላል በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ይመጣል። ክክና ሽንብራ በፕሬዠር ኩከር ቀቅሉ። እንዲህ ከቆጠባችሁ 9 ኪሎ ጋዝ ለሁለት ሰው ሁለት ወር ገደማ ይበቃል።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ጠርሙሱ ታቹ ወደ ውጭ በሚተነፍስ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ባበሰላችሁ ቁጥር ከጠርሙሱ ዝጉት፤ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ቡና ማፍላት ያለ ነው፤ ከሰል ግን ጓዳ ውስጥ፣ ለዕጣንም ቢሆን፣ አይግባ። የጀልባ ጓዳ ጠባብና የታፈነ ነው፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የባሕር ውሃ ማጣሪያችንን ሦስት ሳምንት ሳንጠቀምበት ቆይተን ስናስነሳው የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። ሜምብሬኑ (ጨውን የሚያስቀረው ስስ ሽፋን) ተበላሽቶ ነው? (ከሂውስተን)

መልስ፦ ገና አትጣሉት። ማጣሪያው ውስጥ የቀሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ሞተው ሲበሰብሱ የሚወጣው ጋዝ ነው። ባለ 20 እና ባለ 5 ማይክሮን ቅድመ ማጣሪያዎቹን ለውጡ፣ ግፊት ሳትሰጡ ለሃያ ደቂቃ የባሕር ውሃ አሳልፉበትና ከዚያ አስነሱት። የሚወጣውን ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (ውሃው ውስጥ የቀረውን ጨው በሚለካው) እዩ፤ ከ500 ፒፒኤም በታች ከሆነ ሜምብሬኑ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ካልወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የጫፎቹ የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው።

ወደፊት በተጠቀማችሁ ቁጥር ጨው በሌለው ውሃ እጠቡት፤ ካልተጠቀማችሁም በየሳምንቱ። ማጠቢያው ውሃ ከወደብ የተቀዳ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ሜምብሬኑን በማይመለስ ሁኔታ ይበላዋል፤ በከሰል ማጣሪያ አሳልፉት። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚሠሩት 55 ባር ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ሞቃት ውሃ ግን ሜምብሬኑ ብዙ ስለሚያሳልፍ አምራቹ ከጻፈው የሰዓት መጠን እንዳይበልጥ ግፊቱን ቀንሱ። ወደብ ውስጥ፣ ዘይት የሚንሳፈፍበት ላይ አታስነሱት። በቁጠባ ለአንድ ሰው በቀን ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃል፤ 40 ሊትር በጀሪካን ለብቻው አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱ በየወሩ ይደፈናል። ወረቀት አንጥልበትም። (ከሲያትል)

መልስ፦ ወረቀት አይደለም። የባሕር ውሃና ሽንት ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ይጋገራል፤ 38 ሚሊ ሜትር የነበረው ቱቦ ይጠባል። በየሳምንቱ ሁለት ብርጭቆ ኮምጣጤ ጨምራችሁ ያድርበት፤ ቱቦው አፍ ላይ ያለው የላስቲክ ቫልቭም በየዓመቱ ይለወጥ። ዋናው ግን አፋሰሱ ነው፦ ሁለት ሜትር ቱቦ 2.3 ሊትር ይይዛል። ሦስት ጊዜ አፍሶ የሚተው ሰው ሁሉንም ቱቦው ውስጥ ትቶት ሄዷል። ቱቦው እስኪጠራ፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አፍሱ።

ጥያቄ፦ ባራኩዳ ያዝን። ይበላል? (ከታምፓ)

መልስ፦ መልሱት። በሪፍ (በኮራል ድንጋይ) ላይ አዳኝ የሆኑ ትልልቅ ዓሦች ሲጓተራ የሚባል መርዝ ያጠራቅማሉ፤ ባራኩዳ ቀዳሚው ነው፣ ትልቅ ግሩፐርም ያስፈራል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ መቀቀል፣ ማቀዝቀዝ፣ ጨውና ሎሚ አያጠፉትም። ማስመለስና ተቅማጥ፣ የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ ቀዝቃዛው ነገር የሚያቃጥል መስሎ መሰማት ምልክቶቹ ናቸው፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከጥልቁ ውሃ የሚያዘው ማሂ ማሂ ከዚህ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ የሙቀቱን ወራትስ ጀልባዋን ኤግዙማ ትተን ብንመለስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የአትላንቲክ የኸሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21። ዶሪያን በሴፕቴምበር 2019 አባኮ ላይ ሲያርፍ ነፋሱ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ነበር፤ መልህቅ የሚይዘው ነገር አይደለም። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች በዚህ ወቅት ጀልባዋ የት መሆን እንዳለባት በኬክሮስ ጭምር ይወስናሉ፤ ውሉን አንብቡ። ሰሜን ወደ ቼሳፒክ መውጣት ለእናንተ ቤታችሁም ስለሆነ የሚመች ነው፤ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተነሱ። እዚያው ፍሎሪዳ የብስ ላይ የምትተዉአት ከሆነ ሸራዎቹን ሁሉ፣ የሚጠቀለለውን የፊቱን ጭምር፣ አውርዱ፤ በወጀብ ተፈትቶ ምሰሶ የሚጥለው እሱ ነው። የፀሐይ መከላከያውን ጨርቅና ፓኔሎቹን ንቀሉ፣ ከኪሉ ግራና ቀኝ የሚደግፏትን የብረት እግሮች ጥንድ ጥንዱን በሰንሰለት አስተሳስሩ፣ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹን አጽዱ።